ማየትና መታየት፤ በአሥመራ የሌሊት መንገድ

በአማርኛ «ማየት»ና «መታየት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት ናቸው። ቋንቋውን እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው፣ አንደኛው አድራጊ፣ ሁለተኛው ተደራጊ ግሥ መሆኑን ካወቀ በኋላ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያለ አይመስለውም። እኛም አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ስለ ሆነ፣ መምህራችን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስጠኑንን ይህንኑ ግሥ በቃላችን ይዘን ኖረናል። ነገር ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሰውን ሕይወት ሊያተርፍ ወይም ሊያጠፋ የሚችል መሆኑን የተረዳነው በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም.፣ ከደቀምሓረ ወደ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንዲት ምሽት ነው። ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ ያየነውንና የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

የጉዞአችን ምክንያት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። አባታችን የሚኖሩት በመቀሌ ሲሆን፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎታችን ማለት ነው፣ ይኖሩ የነበሩት በአሥመራ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ መንገዱም ስልኩም ስለ ተቋረጠ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ለሃያ ዓመት ያህል ድምፅ እንኳ ሳይሰማሙ ቆዩ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሰላም መውረዱ ተነግሮ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ በር በተከፈተ ጊዜ፣ አባታችን በማግሥቱ ለመነሣት ፈልገው ነበር፤ ዳሩ ግን የጉልበታቸው ሕመም ረጅም መንገድ የሚያስኬዳቸው አልሆነም። ስለዚህ «አንተ ሂድና ፊቱን አይተህልኝ ና» ብለው አንድ ቆርቆሮ ነጭ ማር አስይዘው ላኩን።

ከመቀሌ በማለዳ ተነሥተን በውቅሮና በአዲግራት በኩል አልፈን ዛላምበሳ ስንደርስ፣ በወሰኑ ላይ የሚተላለፈው ሕዝብ የበዓል ዋዜማ ገበያ ይመስል ነበር። ጤፍና ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ወደ ሰሜን ይጓዛሉ፤ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሽማግሌዎችም የዘመዶቻቸውን ስም እየጠሩ በመንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ሲያገኝ ይላቀሳል፤ ሌላው ሲያጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ እያየን ሰንዓፈን አለፍን። ዓዲ ቀይሕ ስንደርስ ግን የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ፣ እርሱን እስኪያሠሩ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ጠፋብን። በሰገነይቲ አጠገብ በሸለቆው ውስጥ ተሰልፈው የቆሙትን ግዙፋን የሾላ ዛፎች ያየናቸው ጀምበር ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ ነበር።

በእኛ አገር ምሽት ቀስ እያለ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ወራት ጀምበር ከጠለቀች በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ ወገግታ ይቆያል ይላሉ፤ እኛ ከምድር ወገብ ብዙ የማንርቀው ግን ጀምበር ከጠለቀች ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ ያልቅብናል። ከእርሻው ወይም ከገበያው ገና በብርሃን የተነሣ ብስክሌተኛ፣ ቤቱ ሳይደርስ ጨለማ የሚውጠው ስለዚህ ነው። ከቤቱ ሲወጣ መብራት አላስፈለገውም፤ ሲመለስ ግን ይፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በእጁ የለም።

ደቀምሓረን ካለፍን በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሾፌራችን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይነዳ ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ስለ ነበረ የመብራቱን ጨረር ዝቅ አደረገ። የጭነት መኪናው አልፎን እንደ ሄደ፣ ዓይናችን ገና ከብልጭታው ሳይመለስ፣ ሾፌሩ «የማርያም ያለህ!» ብሎ ጮኸና ፍሬኑን ረገጠ። ሚኒባሱ ወደ ግራ ተወርውሮ፣ ጎማው እየጮኸ ቆመ። ማሩ ከመቀመጫው ሥር ተንከባለለ፤ ከበስተኋላችን የተቀመጡት እናት ሕፃናቸውን በደረታቸው ላይ ጫን አድርገው ያዙ። ወርደን ስናይ፣ ከሚኒባሱ የቀኝ መስተዋት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጥቁር ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን በሁለት እግሮቻቸው መካከል ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ጆንያ እህል ጭነው ነበር።

ሾፌሩ እየተንቀጠቀጠ «አባቴ፣ አልታዩኝም እኮ!» አላቸው።

ሽማግሌው ከእርሱ ይልቅ የረጉ ነበሩ። በትግርኛ የመለሱለትን ቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው እንዲህ የሚል ነው፤ «እኔ ግን ከሩቅ አይቼህ ነበር። ብርሃንህ ጥላዬን ከፊቴ ሲዘረጋው አይቻለሁ። እኔ ይህን ያህል ሳይህ፣ አንተ እንዴት አላየኸኝም?»

ሾፌሩ መልስ አላገኘም፤ እኛም አላገኘንም። ሽማግሌው ደኅና መሆናቸውን አረጋግጠን፣ ብስክሌታቸውን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭነን እስከ መንደራቸው መገንጠያ አደረስናቸው። ሲወርዱ መርቀውን ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን ከእኛ ጋር አሥመራ ገባ።

በአጎታችን ቤት የተደረገልንን አቀባበል በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፤ ሃያ ዓመት ተለያይቶ የተገናኘ ዘመድ እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተዋል። አጎታችን ፊታችንን በሁለት እጆቻቸው ይዘው፣ የወንድማቸውን መልክ በእኛ ላይ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ቆዩ። እራት ከተበላና ቡናው ከቀረበ በኋላ ግን በመንገድ ላይ ያጋጠመንን ነገር አወራን። አጎታችን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሰውዬው ከኋላው ምን ጭኖ ነበር?»

«አንድ ጆንያ እህል» አልናቸው።

«እንግዲህ ያው ነው» አሉና ዝም አሉ።

ነገሩ የገባን በማግሥቱ ነው። አጎታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ወደ ሥራ የሚሄዱትም የሚመለሱትም በብስክሌት ነበር። በወጣትነታቸው ዘመን አብሮአቸው የሚመላለስ አንድ ባልደረባ ነበራቸው። ያ ሰው ጠንቃቃ ነበር፤ በብስክሌቱ ላይ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ነበረው። አንድ ሌሊት ብርድ ስለ ነበረ ረጅም ካፖርት ለብሶ ወጣ፤ የካፖርቱም ጫፍ በኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ የኋላውን መብራት ሸፈነው። ከኋላው የመጣው የጭነት መኪና አላየውም። «መብራቱን አንሥተን ስናይ አልተሰበረም ነበር» አሉን አጎታችን። «ጎማውን ባሽከረከርነው ጊዜ በራ። ያን ሌሊት ሁሉ ይበራ ነበር ማለት ነው፤ ለካፖርቱ ብቻ!»

አንባቢ ይህን የመሰለ ታሪክ ለምን በአሥመራ እንደ ተነገረ እንዲረዳው፣ ስለ ከተማይቱና ስለ ብስክሌት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፣ በሰፊ አምባ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ዳገቷ ጥቂት፣ አየሯ ቀዝቃዛ፣ ጎዳናዋ የተስተካከለ ስለ ሆነ ለብስክሌት ትመቻለች። ብስክሌትን ወደዚያ ያመጡት ኢጣልያኖች ናቸው፤ በትግርኛ «ብሽክለታ» የሚባለውም ከእነርሱ ቃል ተወስዶ ነው። በቅኝ አገዛዙ ዘመን የአገሬው ተወላጅ ከኢጣልያኖች ጋር በእኩልነት እንዲወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። የኤርትራ ዙር የተባለው ውድድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ከዚያ ዘር የበቀለው ፍሬ ዛሬ በዓለም የታወቀ ሆኖአል፤ በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳይ ዙር የተራራ አሸናፊዎችን ነጠብጣብ ማልያ ለበሰ፤ በ2024 ደግሞ የአሥመራው ተወላጅ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ከተማይቱም ራስዋ ስለ ሕንጻዎችዋ ውበት በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች።

ይሁን እንጂ ውድድር የሚደረገው በቀን ነው፤ ተወዳዳሪውንም የሚያጅበው መኪና ከፊትም ከኋላም አለ። አጃቢ የሌለው ግን የሌሊት ተረኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዘበኛው፣ ከማታ ትምህርት የሚመለሰው ተማሪ ነው። ስለዚህ የአጎታችን ትምህርት ለእነዚህ የሚሆን ነው።

አጎታችን ትምህርታቸውን የጀመሩት ከሽማግሌው ጥያቄ ነው። «ሰውዬው እውነቱን ነው» አሉ። «መኪና ሁለት ትልልቅ መብራቶች ስላሉት ብስክሌተኛው ከሩቅ ያየዋል። እርሱ ስላየ ደግሞ የታየ ይመስለዋል። ማየት ግን የራስህ ሥራ ሲሆን፣ መታየት በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ የሚፈጸም ነገር ነው። በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ የሚሆነውን አንተ አታውቀውም፤ ማዘጋጀት ብቻ ትችላለህ።» ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያደጉ ሰው ያስተማሩን ይህ ሰዋስው፣ በሰሌዳ ላይ ከተማርነው የጠለቀ ሆኖ አገኘነው።

ሒሳቡን ራሳችን ብንሠራው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ሳይገታ 25 ሜትር ይጓዛል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ፈጽሞ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 45 ሜትር ነው። የመብራቱን ጨረር ዝቅ ላደረገ ሾፌር፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገለጥለት ከዚህ ባነሰ ርቀት ላይ ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ፍሬኑም ምንም ያህል የጠና ቢሆን፣ በዚህ ሒሳብ አይደርስለትም። የእኛ ሾፌር የዳነው ከፍሬኑ ይልቅ መሪውን በመጠምዘዙ ነው፤ ያም ሊሆን የቻለው የጭነት መኪናው አልፎ የግራው መንገድ ባዶ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ብስክሌተኛው በሁለት ነገሮች መታየት አለበት፤ በብርሃንና በነጸብራቅ። እነዚህንም ሁለት ቃላት አማርኛን የሚያጠኑ ሰዎች ሳያደባልቁ እንዲይዙአቸው እንመክራለን። ብርሃን ከራሱ ምንጭ የሚወጣ ነው፤ ነጸብራቅ ግን ከሌላ የተቀበለውን መልሶ የሚሰጥ ነው።

ስለ ብርሃን ብንናገር፣ የአጎታችን ብስክሌት ከጎማው ጎን እየታከከ የሚዞር ዲናሞ ነበረው። ይህን የመሰለው የቆየ ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ሲሰጥ፣ 2.4 ዋቱ ለፊት መብራት፣ 0.6 ዋቱ ለኋላው ይሄዳል። ባትሪ አይፈልግም፤ አያልቅምም። ነገር ግን ሁለት ድካም አለበት። አንደኛ፣ ጎማው በዝናብ ሲረጥብ ወይም ጭቃ ሲይዘው ዲናሞው ይንሸራተትና መብራቱ ይደክማል፤ ስለዚህ የጎማውን ጎን በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱም ይጠፋል፤ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ሰው በጨለማ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ ቆሞም ለጥቂት ደቂቃ የሚበራ ዓይነት አለ፤ በኤሌክትሪክ እየተሞላ የሚሠራ ትንሽ የባትሪ መብራትም በየገበያው ይገኛል። የፊተኛው መብራት ጥቂት ወደ ምድር ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የሚወጋ ከሆነ፣ ያ ሰው ታውሮ በባለ መብራቱ ላይ ይመጣበታል። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ቶሎ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሾፌሩ ርቀቱን እንዲለካ አያመቸውም፤ በጀርመን አገር በብስክሌት ላይ እንዲህ ያለው መብራት የተከለከለ ነው። ስለዚህ አንዱ መብራት ሳይቋረጥ የሚበራ ቢሆን ይሻላል።

ስለ ነጸብራቅ ደግሞ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ማንኛውም ብስክሌት ፍሬንና ደወል፣ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ መብራት፣ ከኋላ ቀይ መብራት እንዲኖረው ሲደነግግ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ እንዲኖረው ያዛል። አንጸባራቂው ባትሪ አይፈልግም፤ አይቃጠልም፤ ብስክሌቱ ቢቆምም አይጠፋም። የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሳል። በፔዳሎቹ ላይ ያለው ቢጫ አንጸባራቂ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንቀሳቀስ፣ ሾፌሩ የሚያየው ነገር የመንገድ ምልክት ሳይሆን ሕይወት ያለው ሰው መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ይህንኑ የሚያስረዳ አንድ ሙከራ እናውቃለን። የአውስትራልያ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሾፌሮች ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ መንገድ ላይ በሌሊት እየነዱ ብስክሌተኛ ባዩ ጊዜ እንዲናገሩ ተደረገ። ብስክሌተኛው ጥቁር በለበሰ ጊዜ ከመቶ 2 ጊዜ ብቻ ታወቀ፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ በለበሰ ጊዜ ከመቶ 50፤ ከሰደርያው ጋር በቁርጭምጭሚቱና በጉልበቱ ላይ አንጸባራቂ ጥብጣብ ባሠረ ጊዜ ግን ከመቶ 90 ጊዜ ታወቀ። አጎታችን ይህን ጥናት አላዩትም። ነገር ግን የሱሪያቸው ጫፍ በሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ላይ የሚያሥሩት ጥብጣብ ነጭና የሚያንጸባርቅ ነበር። ጥብጣቡን የቆረጡት በመደበር ከተጣለ የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ ላይ ነው። መደበር ማለት አሮጌ ብረትና የመኪና ዕቃ ሁሉ ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥበሻ እየሆነ ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት የአሥመራ የእጅ ሥራ ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቀን የሚያበራ የሚመስለው ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካን ልብስ በሌሊትም እንዲሁ የሚያበራ ይመስለዋል። ደማቅነቱ የሚመጣው ከፀሐይ ጨረር ስለ ሆነ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ኃይሉም አብሮ ይጠልቃል። ለሌሊት የሚያገለግለው በልብሱ ላይ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ነው። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከጥቁር ኮት በእጅጉ ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን የኋላውን መብራት እንዳይጋርድ ከወገብ በላይ መታጠቅ አለበት።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አጎታችን የአንዲት አሮጊት ዘመዳችንን ቤት ሊያሳዩን ስለ ፈለጉ፣ ከጎረቤት ሌላ ብስክሌት ተውሰው «ተነሥ፣ እንሂድ» አሉን። እኛ ኮርቻው ላይ ለመውጣት ስንቸኩል እርሳቸው «ቆይ!» ብለው ብስክሌቱን በግንቡ ላይ አስደገፉት። ከዚያም የልጅ ልጃቸው የኋላውን ጎማ ከምድር ከፍ አድርጋ ስታሽከረክረው፣ እርሳቸው ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ሄደው ቆሙና አዩት። ቀጥሎ እኛን አስቀምጠው እንደገና አዩ። «ኮትህን ሰብስብ» አሉ። ሰበሰብን። «አሁንም አይታይም፤ ዘንቢሉ ሸፍኖታል።» ዘንቢሉን ወደ ፊት አመጣነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሃያ እርምጃ ሄደው አዩና «አሁን ታየህ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ሳቀች፤ ይህ ነገር በየማታው ይደረግ ኖሮ ለእርስዋ አዲስ አልነበረም።

ከገጀረት ሰፈር ተነሥተን በፊያት ታልየሮ በኩል አለፍን። ይህ በ1938 የተሠራ የነዳጅ ማደያ ሲሆን፣ ምሰሶ የሌላቸው ሁለት የሲሚንቶ ክንፎቹ ግራና ቀኝ 15 15 ሜትር ተዘርግተው፣ በጨለማ ውስጥ ሊነሣ የተዘጋጀ አውሮፕላን ይመስላል። ከዚያ ወደ ሐርነት ጎዳና ዘለቅን። የዘንባባው ዛፎች፣ የካቴድራሉ የደወል ግንብ፣ በ1937 የተሠራው የሲኒማ ኢምፔሮ ፊት ለፊት ተራ በተራ ከጨለማው እየወጡ ይቀበሉናል። ሕዝቡ ከምሽቱ ሽርሽር ገና አልተመለሰም ነበር። አጎታችን በዝግታ እየነዱ በየመንገዱ ያስተምሩናል። ከቆሙት መኪናዎች አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይሄዳሉ፤ «በሩን ድንገት ቢከፍተውስ?» ይላሉ። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ከአሸዋውና ከጉድጓዱ ጋር ተጣብቀው አይሄዱም፤ «ከጉድጓድ ለመሸሽ ድንገት ወደ መሐል የሚገባ ሰው ነው የሚገጨው፤ መንገድህን አስቀድመህ ይዘህ ቀጥ በል» ይላሉ። ሲታጠፉ እጃቸውን አስቀድመው ይዘረጋሉ። ከፊት የሚመጣ መኪና ዓይናቸውን ሲወጋቸው መብራቱን ትኩር ብለው አያዩም፤ ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ እያዩ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በመስቀለኛው ላይ ደግሞ ሾፌሩ ፊቱን ወደ እርሳቸው እስኪያዞር ድረስ አይሻገሩም።

በአንዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዲህ ቆመን ሳለ፣ አንድ የታክሲ ሾፌር መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ እጁን በማንሣት አሳለፈን። አጎታችንም እጃቸውን አነሡ። ከተሻገርን በኋላ ዞር ብለው «አየህ? እርሱ አየኝ፤ እኔም ማየቱን አየሁ። የሌሊት መንገድ ሕጉ ይኸው ነው» አሉን። በዚያን ጊዜ መምህራችን ከሰሌዳው ላይ ያስጠኑን ሦስተኛው ቃል ትዝ አለን፤ «መተያየት»።

ልንመለስ በተነሣንበት ማለዳ፣ አጎታችን በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ለአባታችን እንድናደርስላቸው ሰጡን። ፈተን ስናይ አሮጌው ዲናሞና ቀዩ የኋላ መብራት ነበሩ። «እኔ ከእንግዲህ ሌሊት የምወጣበት ሥራ የለኝም። ለወንድሜ ስጠው፤ ብስክሌት ባይነዳም ልጆቹ ይነዳሉ» አሉ። አባታችን ዕቃውን ተቀብለው በእጃቸው ሲያገላብጡት ቆዩና፣ ዲናሞውን በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት። መብራቱ ለአንድ አፍታ ቀላ፤ ጠፋም። ደግመው አሽከረከሩት።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የዛላምበሳ መንገድ እንደ መጀመሪያው ለሁሉ ክፍት መሆኑ ቀረ። ከዚያም ክፉ ዘመን መጣ። በ2014 ዓ.ም. በመቀሌ ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ሐኪሙም መምህሩም ከጓዳው አሮጌ ብስክሌት እያወጣ መንገድ ላይ ዋለ። ኤሌክትሪክም ስላልነበረ ምሽቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። እኛ ያን ዲናሞ በብስክሌታችን ላይ አሥረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገደኞች ቀዩን ብርሃን እያዩ ከኋላችን ተከትለው ይሄዱ ነበር። አባታችንና አጎታችን ግን እነሆ እስከ ዛሬ አልተያዩም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሁሉ የምናቀርበው ልመና አንድ ነው። በቤታችሁ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ፣ ወንድም ወይም ሠራተኛ ካለ፣ ዛሬ ማታ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጡትና ወደ ኋላው ሃያ እርምጃ ሂዱ። ዞር ብላችሁም እዩት። ኮቱ፣ ዘንቢሉ፣ ጆንያው የሸፈነው ነገር ካለ አንሡለት፤ መብራት ከሌለው ቢያንስ ቀይ አንጸባራቂ ግዙለት፤ በቁርጭምጭሚቱም ላይ ብርማ ጥብጣብ እሠሩለት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ወጪው ጥቂት፣ ድካሙም የሃያ እርምጃ ብቻ ነው። «አሁን ታየህ» ብላችሁ በሙሉ ልብ ለመናገር እስክትችሉ ድረስ ግን ከበር አታስወጡት።